«ዘፈኑን ስሰማ እነሳሳለሁ፤ ሰኞ ሲመጣ ብን ይልብኛል»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 43 ነው፤ ናሽቪል፣ ቴነሲ እኖራለሁ፤ ሥራዬ የረጅም መንገድ ትራክ መንዳት ነው። ከካንትሪ ዘፈኖች ሁሉ የምወደው የቲም ማግሮውን «ሊቭ ላይክ ዩ ወር ዳይንግ» ነው። መንገድ ላይ በሬዲዮ ሲመጣ እንባዬን መቆጣጠር ያቅተኛል። አባቴ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ 74 ዓመታቸው ነው፤ ካየኋቸው አምስት ዓመት አለፈ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ለቤት መሥሪያ በላክሁት ገንዘብ የተነሳ ስድስት ዓመት ተኮራርፈናል። ዘፈኑን በሰማሁ ቁጥር ለወንድሜ ልደውል፣ አገር ቤት ልግባ፣ ዘፈኑ ውስጥ እንዳለው ሰውዬ ከአውሮፕላን ልዝለል፣ ተራራ ልውጣ እላለሁ። ሰኞ ጭነት ስይዝ ሁሉም ብን ይላል። ያጠራቀምኩት 4,200 ዶላር አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ «ሟርት ነው፣ ዝጋው» ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ? ስሜ ይቆይ።

መልስ፦

ወንድማችን፣ ከባለቤትዎ እንጀምር። የዘፈኑን ርእስ ወደ አማርኛ ሲመልሱት «እንደሚሞት ሰው ሆነህ ኑር» እንደማለት ነው። ባሏ ከነጭነቱ እስከ 80,000 ፓውንድ የሚመዝን መኪና በሌሊትና በዝናብ የሚነዳ ሴት ይህን ቃል ቤቷ ውስጥ መስማት ባትፈልግ አይፈረድባትም። አንድ ምሽት አብረው ቁጭ ይበሉና ግጥሙን መስመር በመስመር ይተርጉሙላት። ባለታሪኩ አይሞትም። በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ክፉ ወሬ ደርሶት ራጁን ሲያይ የሰነበተ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ ለሌላ ሰው ሲያወራ ነው የምንሰማው። እሷ የምትሰማው ርእሱን ብቻ ከሆነ፣ እርስዎም የሚሰሙት ከአውሮፕላን መዝለሉን ብቻ ከሆነ፣ ሁለታችሁም ዘፈኑን ገና አልሰማችሁትም።

ዘፈኑ የወጣው በፈረንጆቹ 2004፣ በአሜሪካ በጋ ነው። ብዙ ሰው ዘፋኙ ለአባቱ የጻፈው ይመስለዋል፤ የጻፉት ግን ቲም ኒኮልስና ክሬግ ዋይዝማን የተባሉ ሁለት የናሽቪል ገጣሚዎች ናቸው። ሆኖም ከአባትየው ጋር ያለው ግንኙነት እውነት ነው። የዘፋኙ አባት ተግ ማግሮው ለኒውዮርክ ሜትስና ለፊላደልፊያ ፊሊስ የተጫወተ የታወቀ የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ነበር፤ በ1980 ፊሊስ ዋንጫውን ሲወስድ የመጨረሻዋን ኳስ የወረወረው እሱ ነው። ቲም የዚህ ሰው ልጅ መሆኑን ያወቀው በ11 ዓመቱ የልደት የምስክር ወረቀቱን በአጋጣሚ ሲያገኝ ሲሆን፣ አባትየው ልጅነቱን የተቀበለው ከዓመታት በኋላ ነው። በ2003 የአንጎል ዕጢ ሲገኝበት ያስታመመው ግን ይኸው ልጅ ነው። ተግ ጥር 5 ቀን 2004 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በ59 ዓመቱ፣ እርስዎ ከሚኖሩባት ከናሽቪል አቅራቢያ በልጁ ይዞታ ውስጥ ዐረፈ። ዘፈኑ የተቀረጸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዘፋኙ «ይቅርታ» ወደሚለው ስንኝ ሲደርስ ድምፁ የሚከብደው ለዚህ ይመስለናል።

አሁን ግጥሙን እንቁጠረው። ከአውሮፕላን መዝለል፣ የሮኪ ተራራ መውጣት፣ በሬ መጋለብ፤ ሦስቱም በአዝማቹ ውስጥ በጥቂት ቃላት ያልፋሉ። ቀሪው ሌላ ነው፦ አብልጦ መውደድ፣ በለሰለሰ አንደበት መናገር፣ ሲከለክለው የኖረውን ይቅርታ መስጠት፣ ብዙውን ጊዜ ያልሆነውን ባል መሆን፣ መልካም ጓደኛ መሆን፣ መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ፣ ከአባት ጋር ዓሣ ማጥመድ። የበሬውን ነገር ልብ ይበሉ። በሮዲዮ ውድድር ነጥብ የሚያዘው ጋላቢው 8 ሰከንድ ከቆየ ነው። የዘፈኑ ሰው የቆየው 2.7 ሰከንድ ነው፤ በውድድር ቢሆን ዜሮ ነበር። እሱ ግን በኩራት ነው የሚያወራው። ለወንድምዎ ደውለው ንግግሩ በሁለት ደቂቃ ቢቋረጥ ይቺን ቁጥር ያስታውሷት።

ስሜቱ ሰኞ የሚጠፋው ለምን ይመስልዎታል? ዘፈኑን የሚሰሙት እጅዎ መሪ ላይ፣ ዓይንዎ መንገድ ላይ ሆኖ ነው። ስሜቱ በሚግልበት ሰዓት መጻፍም መደወልም አይችሉም፤ ንግድ መኪና እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። እጅዎ ነጻ በሚሆንበት ትራክ ስቶፕ ሲደርሱ ደግሞ ስሜቱ ቀዝቅዟል። ስለዚህ ዘፈኑን ለጊዜው ከመንገድ ያውጡት። 34 ሰዓት ሪሴት ላይ (የሥራ ሰዓትዎ ከዜሮ እንዲቆጠር ሳይነዱ በሚያርፉበት ጊዜ) ሲሆኑ፣ መኪናው ቆሞ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይስሙት። ርዝመቱ ወደ 5 ደቂቃ ነው። ሳያልቅ አንድ የሰው ስምና አንድ ቀን ይጻፉ። ከአንድ በላይ አይጻፉ፤ ሰባት ነገር የጻፈ ሰው ሰባቱንም ይተዋቸዋል። ዘፈኑ እንዳለቀ ደግሞ ለዚያ ነገር የሚሆን አንድ የማይመለስ እርምጃ ይውሰዱ፦ ለዲስፓቸርዎ (ጭነት ለሚመድብልዎ ሰው) ፈቃድ የሚጠይቁበትን ቀን መላክ፣ ለሽማግሌ መደወል፣ ለትኬቱ የተለየ የቁጠባ ሒሳብ መክፈት። ከዚያ በወር አንዴ ብቻ ይስሙት። በቀን ሦስት ጊዜ የሚደጋገም ዘፈን ጆሮ ይለምደዋል፤ ይህ ዘፈን እንዲለመድብዎ አንፈልግም።

የመጀመሪያው ስም የወንድምዎ ይሁን። አባትዎ ይቅደሙ ማለትዎ አይቀርም። ግን ከወንድምዎ ጋር ሳይታረቁ ደብረ ብርሃን ቢገቡ፣ አባትዎ የእርስዎን መምጣት በመደሰት ፈንታ ሁለት ልጆቻቸውን አንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያገናኙ ሲጨነቁ ይሰነብታሉ።

በጽሑፍ መልእክት አይጀምሩ። «ዝም ካልክ ስድስት ዓመትህ ነው» የሚል አንድ መስመር በድምፅ ሲነገር ናፍቆት ይሆናል፤ በስክሪን ሲነበብ ወቀሳ ነው። በቤተሰብ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥማ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሰው በተሰበሰበበት የተጠየቀ ይቅርታ ተጠያቂውን ጥግ ያስይዘዋል። ድምፅ ይሁን፣ ከ5 ደቂቃ አይብለጥ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ይዘጋጅ። ለምሳሌ፦ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ስለ ገንዘቡ አይደለም የደወልኩት። ዝምታው ስለከበደኝ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።» ከዚያ ስለ ልጆቹና ስለ ጤናው ይጠይቁ፤ «በሌላ ቀን እደውላለሁ» ብለው ይዝጉ።

አብዛኛው እርቅ የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው «ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎ መጀመር ነው። ይህ ቃል ለተናጋሪው ትሕትና፣ ለሰሚው ፍርድ ነው፤ «ምን በድዬህ ነው ይቅር የምትለኝ?» የሚል መልስ ከመጣ ስድስቱ ዓመት እንደገና ይቆጠራል። «ይቅር እንባባል» ማለት ለሁለቱም ክብር ይተዋል። ሁለተኛው ይቅርታውንና ሒሳቡን በአንድ ቀን ማንሳት ነው። ገንዘቡ የራሱ ቀን ይኑረው። ከዚያ ቀን በፊት ግን ለብቻዎ ሆነው፣ ከላኩት ውስጥ ባይመለስ የሚተዉት ስንት እንደሆነ በቁጥር ይወስኑ። ግማሹን? ሁሉንም? ይህን ሳይወስን የታረቀ ሰው ወንድሙ አዲስ ጫማ በገዛ ቁጥር ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

ስልኩን ባያነሳስ? ሁለት ሳምንት ቆይተው ይድገሙ። ሁለተኛውንም ካላነሳ ሽማግሌ ይላኩ። እርስዎን የሚደግፍ ሰው አይምረጡ፤ ወንድምዎ የሚያከብረውንና የሰማውን የማያወጣውን ይምረጡ። የንስሐ አባት ካለው ከሁሉ ይሻላሉ። አባትዎን ግን ሽማግሌ አያድርጓቸው፤ እርቁ ቢከሽፍ ቁስሉ የሚቀረው እሳቸው ላይ ነው። ቀኑም ያግዛል፦ በእንቁጣጣሽ ወይም በዐቢይ ጾም መግቢያ የመጣን ሽማግሌ በባዶ መመለስ ለማንም ይከብዳል። ይህም ካልሆነ በየበዓሉ «እንኳን አደረሰህ» እያሉ ይቆዩ፤ መልስ ግን አይጠብቁ። ዘፈኑ ውስጥ ይቅርታው የሰውየው የራሱ ነው፣ በእጁ ይዞ ሲከለክለው የኖረ ነው። የእርስዎን ድርሻ ለመስጠት የወንድምዎ ፈቃድ አያስፈልግዎትም።

ወደ አባትዎ እንምጣ። የዘፈኑ ሰው ቀድሞ እንደ ሸክም ያየው የነበረውን ዓሣ ማጥመድ አባቱን ባጣበት ዓመት ሦስት ጊዜ እንደሄደ ይናገራል። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ፤ ይህ ቁጥር ከዝላዩ ሁሉ ይበልጥብናል። አሁን የእርስዎን እንቁጠር፤ ቁጥሩ ይከብዳል፣ ግን መታወቅ አለበት። በየአምስት ዓመቱ እየገቡ አባትዎ እስከ 84 ዓመታቸው ቢቆዩልዎ የሚያገኟቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በየሁለት ዓመቱ ቢሆን አምስት ጊዜ ይሆናል።

ገንዘቡን እውነቱን ይዘን እናስላው። ለትራክ ሾፌር ውዱ ነገር ትኬቱ አይደለም፤ ያልተነዳው ማይል ነው። በሳምንት 2,500 ማይል በ60 ሳንቲም የሚነዱ ከሆነ አንድ ሳምንት 1,500 ዶላር ነው፤ ሁለት ሳምንት 3,000። ለትኬት 1,500፣ ለስጦታና ለመጓጓዣ 500 ቢይዙ ጠቅላላው 5,000 ይሆናል። ከ4,200ው ውስጥ 1,500ውን ለድንገተኛ አይንኩት፤ 2,700 ይቀራል። የጎደለው 2,300 በሳምንት 100 ዶላር ቢቀመጥ በ23 ሳምንት ይሞላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ይህን ዘለው ትኬቱን በክሬዲት ካርድ ይቆርጡና ሲመለሱ ዕዳውን ለመክፈል ሌላ አምስት ዓመት ሳይገቡ ይቀራሉ።

ወቅቱን ከጥምቀት ማግስት ያድርጉት። በአሜሪካ ከገና በኋላ ጭነት ይቀንሳል፤ ጥርና የካቲት ለሾፌር ቀዝቃዛ ወራት ስለሆኑ ያልተነዳው ማይል ዋጋም ዝቅ ይላል። የበዓሉ ተጓዥ ካለፈ በኋላ ትኬትም ይረክሳል። ከናሽቪል አትላንታ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከአትላንታ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ ይበራል። የናሽቪሉን ትስስር በረራ ዋጋ ከዚህ ጋር ያነጻጽሩ።

እዚያ ሲደርሱ ድግስ አይደግሱ። ሁለት ሳምንት ለገባ ሰው ዘመድ ሁሉ ሲጎርፍ አባትየው ጥግ ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ከሩቅ ያያሉ። ከ14ቱ ቀናት ሦስቱን ለእሳቸው ብቻ ይለዩ፤ ቀኖቹንም ገና ሳይገቡ ለዘመድ ያሳውቁ። አንዱን ቀን ቤተ ክርስቲያን አብረው ይሳሙ፤ አንዱን ቀን ያደጉበትን ቀዬ ያሳዩዎት፤ አንዱን ቀን ቤት ይዋሉ። በዚያኛው ቀን ስልክዎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው ድምፃቸውን ይቅዱ። በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይለፉ፣ ይደክማሉ። «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩኝ» ከተባሉ «ምን አለው ብለህ ነው» ብለው ይዘጉታል። «አባባ፣ የመጀመሪያ ደመወዝዎ ስንት ነበር? ምን ገዙበት?» ካሏቸው ግን ወሬው አያልቅም። ሲጨርሱ ቅጂውን ለእህት ወንድም ሁሉ፣ ለታላቅ ወንድምዎም ጭምር ይላኩ።

ስለ ራስዎ ደግሞ፤ ዘፈኑ የሚጀምረው በራጅ ነው። በየሁለት ዓመቱ ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ የሚያደርጉት የዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ምርመራ መንዳት መቻልዎን ያያል፤ ሙሉ የጤና ምርመራን አይተካም። የራስዎ ሐኪም ይኑርዎት፤ የደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ያሳዩ። ግፊትዎ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የዲኦቲ ካርድዎም ያጥራል። 45 ሲሞላዎት የትልቁ አንጀት ካንሰር ምርመራ ይጀምሩ፤ በአሜሪካ መነሻው ከ50 ወደ 45 ዝቅ ብሏል። በዚያው ሰሞን የሕይወት ኢንሹራንስዎና የባንክ ሒሳብዎ ላይ የተጻፈው ወራሽ ማን እንደሆነ ይመልከቱ። ሳያገቡ የከፈቱት ከሆነ የሌላ ሰው ስም ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ የተጻፈ ስም በኑዛዜ ከተጻፈው ይቀድማል። «ሟርት» ላለችው ባለቤትዎ፣ ይህን አስተካክለው ወረቀቱን ቢያሳዩአት ዘፈኑን የምትሰማበት ጆሮ ይለወጥ ይሆናል። ሪሴት ላይ ቤት ሲገቡም፣ የመጀመሪያውን እንቅልፍ ከጠገቡ በኋላ ሦስት ሰዓት ስልክዎን መሳቢያ ውስጥ ይክተቱት፤ ቡናው እስኪፈላ፣ ሦስተኛው እስኪጠጣ።

መጽሐፍ ቅዱሱንስ? ዓይንዎ መንገድ ላይ ስለሆነ በጆሮ ይስሙት። 66ቱ መጻሕፍት በድምፅ ወደ 75 ሰዓት ገደማ ናቸው፤ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ቢሰጡት ሦስት ወር አይሞላም።

አሁን ዝላዩ። አናልፈውም፤ ምኞትዎ ነውና። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘልል ሰው ከአስተማሪ ጋር ታስሮ ነው የሚዘልለው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዶላር ነው፤ ቪዲዮ ለብቻው ያስከፍላል። የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር አባል የሆነ ቦታ ይምረጡ። ከመክፈልዎ በፊት የክብደት ገደባቸውን ይጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ከ220 እስከ 250 ፓውንድ ባለው ውስጥ ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚውል ሾፌር ይህን ሳያውቅ ሄዶ ይመለሳል። ሙሉ ቀን ይመድቡ፤ ደመናና ነፋስ ዝላዩን ያዘገየዋል፣ አንዳንዴም ይሰርዘዋል። ጉንፋን ይዞዎት አይዝለሉ፣ ጆሮዎ ይጎዳል። ሆድዎን ባዶ አያድርጉ፣ ከመጠን በላይም አያጥግቡት። ከ14,000 ጫማ ነጻ ውድቀቱ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ፓራሹቱ 5,000 ጫማ አካባቢ ይከፈታል፣ ከዚያ አምስት ስድስት ደቂቃ ይንሳፈፋሉ። መሬት ሲቃረቡ እግር ወደ ላይ ማንሳት ግዴታ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እግሩን ቀድሞ በሚተክል ሰው ነው። ሆኖም ከ23ቱ ሳምንት ቁጠባ በኋላ ይሁን።

ተራራው ከሥራዎ ጋር ይስማማል። በአይ-70 አውራ ጎዳና የኮሎራዶውን አይዘንሃወር ዋሻ ካለፉ 3,400 ሜትር ላይ ነድተዋል ማለት ነው። ከዚያ ሩቅ ሳይሆን ብሬከንሪጅ አጠገብ ኳንደሪ ፒክ አለ፤ ከፍታው 4,350 ሜትር ገደማ፣ ደርሶ መልሱ 11 ኪሎ ሜትር ያህል። ገመድ አያስፈልገውም፤ ለሰኔ መጨረሻ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ ነው የሚመች። መነሳት ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ከጫፉ መውረድ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ይመጣል፣ ከዛፍ መስመር በላይ ደግሞ መጠለያ የለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ነው ያደግሁት ብለው አይመኑ፤ ቆላ የገባ ደም የደጋውን ልማድ በሳምንታት ውስጥ ይረሳል፣ ናሽቪል ደግሞ 200 ሜትር እንኳ አትሞላም። አንድ ሁለት ሌሊት ከፍ ያለ ቦታ ያድሩ፣ ሦስት ሊትር ውኃ ይያዙ። ራስ ምታቱ ማስመለስ ካስከተለ ጫፉ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም ይውረዱ። ትራኩን ሕጋዊ ማቆሚያ ላይ ትተው ይሂዱ፤ የኳንደሪ መነሻ ላይ አይገባም፣ በበጋ ለትንሽ መኪናም ቦታ አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው።

በሬውን ይተዉት። 43 ዓመት የሞላው፣ ኑሮው በወገቡ ላይ የቆመ ሾፌር ነዎት።

በዚህ ቅዳሜ ግን አንድ ነገር ያድርጉ። ለወንድምዎ ለመደወል ልብዎ ገና ካልጠና ለአባትዎ ይደውሉ። ናሽቪል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ስልክዎ 9:00 ሲል ማለት ነው፣ ደብረ ብርሃን በአሜሪካ በጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ የአሜሪካ ሰዓት በኅዳር ወደ ኋላ ሲመለስ 12 ሰዓት ይሆናል። መኪናውን አቁመው ይደውሉ። ስለ ጤናቸው ከጠየቁ በኋላ፣ ከጥምቀት ማግስት ሊመጡ እያሰቡ እንደሆነ ይንገሯቸውና ምን ይዘው እንዲመጡላቸው እንደሚፈልጉ ይጠይቋቸው።